ወርቂቱን ለመክሰስ የተጠራ ስብሰባ

ሻሺቱ ፓፓያውን እያጠበች ነበር። ፍሬውን አይደለም፤ ዛፉን። በግራ እጇ የውሃውን ጎማ፣ በቀኟ አሮጌ ጨርቅ ይዛ በርጩማ ላይ ቆማለች። አንድ ቅጠል ጎተት አድርጋ ፊቱን ታጥባለች፣ ገልብጣ ጀርባውን ታጥባለች፣ ትለቀውና ወደሚቀጥለው ትሻገራለች። ወርቂቱ ቦርሳዋን አንግታ በረንዳው ላይ ቆማ ለጥቂት ጊዜ ተመለከተቻት። ገና አንድ ሰዓት አልሞላም። ሻሺቱ የባሏ የታዴዎስ ታላቅ እህት ናት፤ ለሁለት ሳምንት ልጠይቃችሁ ብላ ከገረሴ ወርዳ ይኸው አራተኛ ወሯን ይዛለች። ምን እያደረገች እንደሆነ ብትጠይቃት፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ አቧራ የለበሰ ዛፍ ለባለሥልጣን ግቢ ነውር መሆኑን አስረዳቻት። ሻሺቱ አማርኛን የተማረችው ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላ ስለሆነ ወንድና ሴት ለመለየት ብዙም አትጨነቅም። «አንተ ወደ ሥራህ ሂድ» አለቻት፤ «የቤቱን ነገር ለኔ ተወው።» ወርቂቱ ሌላ ነገር ልትል አሰበችና ተወችው። የባል እህት ናት፤ እንግዳም ናት፤ ደግሞም ሰዓት ሄዷል።

የክፍለ ከተማው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆና ከተሾመች ሦስት ወሯ ነው። የጽሕፈት ቤቱ መኪና ጋራዥ ከገባ ሰንብቷል፤ እሷም አልቸኮለችም። ሪፖርት ላይ ከምታነበው ይልቅ ባጃጅ ውስጥ የምትሰማው ይበልጣል ብላ የምታምን ሰው ናት። ይህን እምነት ያመጣችው ከዱሮ ሥራዋ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ከአንድ አነስተኛ የቤተ ክርስቲያን ልማት ፕሮጀክት ጋር፣ ቤት ለቤት እየዞረች ሴቶችን ስታደራጅ ኖራለች። ዋናው ጥያቄ ውሃ ነበር። ድንጋይ በር ሰፈር ውስጥ ያሉት ሦስት ቦኖዎች የተተከሉት እሷ ሴቶቹን ባዶ ጀሪካን አሸክማ፣ አሰልፋ፣ አንድም ቃል ሳይጮኹ፣ የኃላፊዎች በር ላይ እየወሰደች ባስቀመጠቻቸው ጊዜ ነው። ከዚያ የሰፈሩ ሰው ለምክር ቤት መረጣት፤ ምክር ቤቱ ደግሞ እዚህ አደረሳት።

ባጃጁ ውስጥ ሁለት ሴቶች ቀድመዋት ተቀምጠዋል። አንዷ ወፍራም ነገር ናት፤ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አቅፋዋለች። ሁለተኛዋ ወጣት ናት። ወርቂቱ ለአቧራው ብላ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ስባ ስለነበር ማንም አላያትም። ወፍራሟ ሴትዮ የጀመረችውን ወሬ ቀጠለች። ድንጋይ በር ቦኖ ላይ ውሃ ሦስት ወር ሲቆራረጥ ቆይቶ ጭራሽ ከጠፋ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ከጋሪ የሚገዛው አንድ ጀሪካን ሠላሳ ብር ገብቷል፤ እሱም ጨው ጨው ይላል። ወጣቷ ታዲያ ውሃው የት ገባ ብላ ጠየቀች። ወፍራሟ ወደ ኋላ፣ ባጃጁ ወደመጣበት፣ በአገጯ አመለከተች። ከባንኩ ጀርባ ያለችው መንገድ ላይ ውሃ ጠፍቶ አያውቅም። አለቃዋ እዚያ ናት። ከተሾመች ወዲህ ሌት ተቀን ይፈስሳል።

«ጠጥተው ጠግበው» አለች ወፍራሟ፣ «አሁን ፓፓያ ያጥባሉ አሉ።»

ወጣቷ ማመን አቃታት። ፓፓያ ታጥቦ ቢበላ ምን አለበት አለች። ፍሬውን መሰለሽ፣ ቅጠሉን ነው እንጂ፣ አለቻት ወፍራሟ። ባጃጅ ነጂው ሳቀ። ወርቂቱ ሻርፗን ከአፍንጫዋ ወደ ዓይኗ ሥር ከፍ አደረገች። ባለፈው ወር «በክፍለ ከተማው የውሃ አቅርቦት በከፍተኛ ሁኔታ ተሻሽሏል» የሚል ሪፖርት ላይ ፈርማለች። ስትፈርም ለራሷ እውነት ነው ያለችው የቤቷን በርሜል አስታውሳ ነው፤ ማታ ስትገባ ሁልጊዜ ሙሉ ነበር። አዲሱ ፓምፕ ነው ብላ ነበር የደመደመችው። አሁን ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ሴቶቹ ደግሞ ወሬያቸውን አልጨረሱም፤ ዛሬ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ማንጎ ሥር ስብሰባ አለ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ለአለቃዋ አቤት ለማለት ይኬዳል። ሁለቱ ሲወርዱ ወርቂቱም አብራ ወረደች። ስብሰባ አለ ከተባለ እግሯ መሄድ የለመደ ነው፤ ራሷ የምትከሰስበት መሆኑ እግሯን አላቆመውም።

ማንጎው ሥር ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች ጀሪካናቸውን ገልብጠው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋን ስታይ ወርቂቱ ወዲያው አወቀቻት። ብሩክታዊት ናት። ከላንቴ ሙዝ እያመጣች ገበያ የምትሸጠው ብሩክታዊት፤ የዛሬ አሥር ዓመት ስሟን እንኳ ሰው ፊት ለመናገር ስትንቀጠቀጥ የነበረችው። ወርቂቱ የያኔውን ሰልፍ ስትመራ፣ በጣም የምትፈራዋን ሴት ፊት አድርጉ፣ እሷ ከተናገረች ሌላው ዝም አይልም ብላ፣ ይህችን ሴት ነበር ከኋላ ጎትታ ያስቀደመቻት። አሁን ብሩክታዊት ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ቆማለች፣ ድምጿም አይንቀጠቀጥም። ወርቂቱ አንድ የተረፈ ጀሪካን ገልብጣ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ሻርፗን አወረደች። ወፍራሟ ሴትዮ ዞር ብላ አየቻት፤ ከዚያ የባጃጁን ወሬ አንድ በአንድ ስታስታውስ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

ብሩክታዊት እስክሪብቶዋን ደብተሩ መሐል አድርጋ ዘጋችው።

«ከማን ጋር ነሽ እህት ወርቂቱ?» አለች። «ከእኛ ነሽ ወይስ ከጽሕፈት ቤቱ?»

ወርቂቱ ሰዓቷን አየች። «ሥራ የምገባው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እስከዚያ ከእናንተ ነኝ።»

ብሩክታዊት ይህን እሷ ብቻዋን መወሰን እንደማትችል ተናገረችና ለድምፅ አቀረበችው። ይህን አሠራር ያስተማረቻቸው ወርቂቱ ራሷ ናት። ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣ እጅ ሲቆጠር ጠበቀች። አሥራ ሰባት ለአሥራ አራት ሆኖ እንድትቆይ ተፈቀደላት። ከአሥራ አራቱ አንዷ ወፍራሟ ሴትዮ ነበረች።

ከዚያ ማመልከቻው ተነበበ። ሰባት ጥያቄዎች ነበሩበት። ውሃ፣ የመንገድ መብራት፣ የቆሻሻ መጣያ፣ የባጃጅ ታሪፍ፣ የመታወቂያ ወረፋ፣ የፈረሰው ድልድይ፤ ሰባተኛው ደግሞ ሥራ አስፈጻሚዋ ወይዘሮ ወርቂቱ ከሥልጣን እንዲነሱ። ሰባተኛው ሲነበብ ሁሉም ወደ እሷ አዩ። ወርቂቱ ግን ደሟ የፈላው በሌላ ነገር ነበር። ተነሥታ ቆመች። ማን ነው ይህን የጻፈው አለች። ሰባት ጥያቄ ይዞ የሚሄድ ሰው ሰባት ኮሚቴ ይዞ ነው የሚመለሰው፤ ይህን ስንት ጊዜ ነው ያልኩት? አንድ ብቻ። ከውሃው በቀር ስድስቱንም ሰርዙ። ወፍራሟ ሴትዮ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ ሰባተኛውን ለማሰረዝ ነው እንዴ የመጣሽው አለቻት። ሴቶቹ ሳቁ። ወርቂቱ አልሳቀችም።

«ሰባተኛውን ካስገባችሁት አለቃዋ የምታነሣው እሱን ነው» አለች። «ስሜ ጠፋ ብላ ታኮርፋለች። እናንተ እሷን ስታባብሉ ይመሻል፤ ስለ ውሃው ሳታወሩ ትወጣላችሁ። እኔ አውቃታለሁ።»

ይህን በመሰለ ሁኔታ፣ ስለ ራሷ እንደ ሌላ ሰው እያወራች፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አስተማረቻቸው። ለስላሳ ታቀርብላችኋለች፣ አትጠጡ፤ አፉ ውስጥ ቀዝቃዛ ነገር የገባ ሰው ቁጣው ይወርዳል። በስማችሁ ትጠራችኋለች፣ የልጆቻችሁን ስም ሳይቀር ታውቃለች፤ ደስ ይበላችሁ እንጂ አትለሳለሱ። አጥንተን እናሳውቃችኋለን ካለች እንዳትነሡ፤ እዚያው ተቀመጡ። የሚፈጸምበትን ቀን በጽሑፍ፣ በማኅተም ተቀበሉ። ብሩክታዊት ፈገግ ሳትል ሁሉንም ደብተሯ ላይ ጻፈች። አንድ ጊዜ እንዲያውም እጇን አንሥታ፣ ከቁጥር ሦስት ጀምረሽ ድገሚልኝ አለቻት። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ወርቂቱ ቀሚሷን አራግፋ ተሰናበተች። መንገድ ላይ ወጥታ ባጃጅ ስታስቆም ደስ ብሏት ነበር። ከተሾመች ወዲህ እንዲህ ያለ ጥሩ ስብሰባ አልገጠማትም።

ጽሕፈት ቤት እንደገባች ያስጠራችው ገነነን ነበር። ገነነ የሰፈሮቹን የውሃ መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ ሠራተኛ ነው፤ ረጅሙን የብረት መክፈቻ እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አድርጎ ገባ። የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ነገራት፣ እንዲያውም ሊመሰገን የተጠራ መስሎት ደረቱን ነፍቶ ነበር። ከድንጋይ በር የሚወርደውን ዘጋ አድርጎ ወደ እሷ መንገድ የለቀቀው እሱ ነው። ማን አዘዘህ ስትለው፣ ከቤት ተደውሎልኝ ነው አለ። ወርቂቱ ማን እንደደወለ አልጠየቀችም። ሻሺቱ በርጩማው ላይ ቆማ ታየቻት፤ ያ በቂዋ ነበር። እንዲጠብቅ ነግራው ወደ ውጭ ላከችው። ገነነ እየወጣ፣ ሰው በሥራው ተመስግኖ አያውቅም ብሎ ለጽሕፈት ቤት ኃላፊው ለጌዲዮን ሲናገር ተሰማ።

ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። ጌዲዮን በመስኮት አይቶ ሮጦ ገባ፤ ሠላሳ አንድ ሴት፣ ሠላሳ አንድ ጀሪካን፣ አንድም ድምፅ የለም፤ ጥበቃ ልጥራ ወይ አላት። ወንበር ጥራ አለችው። እሷ ከመጣች ወዲህ ጌዲዮን የለመደው ነገር ብዙ ነው። ጠረጴዛው ግድግዳ ላይ ተጠግቶ ወንበር በክብ ይደረደራል፤ ማንም ሰው ጀርባ አይሰጠውም፤ እያንዳንዱ እንግዳ ስሙን ይናገራል፤ ለሁሉም ለስላሳ ይቀርባል። አንድ ስብሰባ በዚህ አሠራር ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች አልቆ አያውቅም፤ የዞን ሰዎች ሲመጡ ጌዲዮን ላብ ያጠምቀዋል። ዛሬም ወንበሩ አልበቃ ብሎ ግማሾቹ ጀሪካናቸው ላይ ተቀመጡ። ስማቸውን ተናገሩ። ለስላሳው መጣ፤ ማንም አልነካውም። ወርቂቱ ራሷ ውሃ ጠምቷት ነበር፣ ግን ብቻዋን መጠጣት ነውር ሆነባት። ጠርሙሶቹ ወለሉ ላይ እያላባቸው ቆሙ።

ብሩክታዊት አንዲት ዓረፍተ ነገር አነበበች። የድንጋይ በር ውሃ ወደ ድንጋይ በር ይመለስ፣ ሁሉም መንገድ ተራውን ይጠብቅ። ደብተሩን ዝቅ አድርጋ ጠበቀች። ወርቂቱ ተራዋ ሲደርስ ምን እንደምትል አስቀድማ አዘጋጅታ ነበር። አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጉዳዩን አጥንተን በአጭር ጊዜ ውስጥ እናሳውቃችኋለን።»

ብሩክታዊት ደብተሯን ገለጠችና ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። ወንበር ላይ የነበሩት ተመቻችተው ተቀመጡ፤ አንዷ ከጉያዋ ዳንቴልና ኪሮሽ አውጥታ መሥራት ጀመረች። ወርቂቱ መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነበር፣ እውነተኛ ንዴት፤ በሯ ላይ መጥተው፣ በገዛ ትምህርቷ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ከኃላፊዎች አፍ በሰማች ቁጥር ሰዎቹ አስበው የሚዋሹ ይመስላት ነበር። አሁን ገባት፤ ማንም አስቦ አይለውም። ሠላሳ ሰው አተኩሮ ሲያይህ ትንሽ መተንፈሻ ፍለጋ ከአፍ የሚያመልጥ ነገር ነው። ንዴቷ ወደ እፍረት ሲለወጥ ፊቷን በሻርፗ ጠረገች። ሴቶቹ ዳንቴሉን እያዩ ጠበቋት። ማንም አላጣደፋትም።

በመጨረሻ የታቀደውን ተናገረች። ውሃው ዛሬውኑ ይመለሳል፤ ከነገ ጀምሮ በፈረቃ ይሆናል። ጌዲዮን ጻፈ፣ ማኅተም መታ። ወርቂቱ አበቃ ብላ ልትነሣ ስትል ብሩክታዊት አልተነሣችም። ሦስት ወር ውሃ ወስዳችኋል አለች። መንገዳችሁ ለሦስት ወር ይዘጋ። ይህ ደብተሩ ውስጥ አልነበረም፤ ወርቂቱ አላስተማረቻትም። መንገዱ ላይ ሌሎች አሥራ አራት ቤቶች እንዳሉ፣ ምንም እንዳላጠፉ ነገረቻት። ብሩክታዊት፣ ውሃውን ግን ጠጥተዋል አለች። ወርቂቱ፣ የመጣላቸውን ነው የጠጡት፣ አንዷ አራስ ናት፣ አንዱ ሽማግሌ ብቻውን የሚኖር ነው አለች። ብሩክታዊት ጥቂት አሰበችና፣ የአራሷን ስም ጠየቀች። ሲነገራት አወቀቻት። እንዲህ እየተባባሉ ግማሽ ሰዓት ከቆዩ በኋላ፣ አሥራ አራቱ ቤቶች ወደ ፈረቃው እንዲገቡ፣ የወርቂቱ ቤት ቧንቧ ብቻ ለሦስት ወር እንዲዘጋ ተስማሙ። ወርቂቱ በጉራ ቢጤ ፈረመች። ገነነም ብረቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። ሴቶቹ ከወጡ በኋላ ብሩክታዊት ከበሩ ተመለሰች፤ ጎንበስ ብላ ከወለሉ አንድ ለስላሳ አነሣችና ቆማ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። አሁን ሥራው አልቋል ብላ ጠርሙሱን ለጌዲዮን ሰጠችው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት ስትደርስ ሻሺቱ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ገነነ መጥቶ ቧንቧውን ለሦስት ወር ዘግቶት ሄዷል፤ ጎማው ተጠቅልሎ አጠገቧ ነው። ሰላምታዋን በአንገቷ ብቻ መለሰች። ውስጥ ታዴዎስ ጠረጴዛው ላይ የተማሪዎቹን ፈተና ያርማል፤ የዐሥረኛ ክፍል ፊዚክስ መምህር ነው። ቀና አላለም። እራት ቀረበ፤ ከአባያ የመጣ ዓሣ ነበር፣ አጥንቱን በየጎናቸው እየከመሩ በሉ። ሳህኖቹ በአንዲት ጆግ ውሃ ታጠቡ፤ ታዴዎስም ወደ ፈተናው ተመለሰ። ወርቂቱ ቀኑን ሙሉ ያዘጋጀችውን ንግግር ለሻሺቱ ጀመረችላት፤ በቁጣ ሳይሆን በቀስታ፣ ዘመድ ለዘመድ አስቦ ቢያደርገውም ለገነነ መደወል እንዳልነበረባት። ሻሺቱ ግራ ተጋብታ አየቻት። ስልክ የላትም። ስልክ ኖሯት አያውቅም።

«እኔ ነኝ የደወልኩት» አለ ታዴዎስ ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳይል።

ወርቂቱ የሰማችውን ማመን አቃታት። ታዴዎስ ተማሪ ሲኮርጅ ይዞ ቀጥቶ፣ ራሱ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ነው። ቀይ እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥሞ አስቀመጠና፣ በተለመደው የክፍል ድምፁ፣ ሳይቸኩል ተናገረ። ሰፈሩ ሁሉ ባዶ ጀሪካን ይዞ ከእሷ ጋር በተሰለፈ ቁጥር፣ የዚህን ቤት ጀሪካን የሚሞላው ማን ይመስላት ነበር? እሱ ነው፣ በብስክሌት፣ ከታች ጫካው ውስጥ ካለው ምንጭ፣ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት። ዳገቱን ሲገፋ ተማሪዎቹ ያዩት ነበር፤ መምህር ጀሪካን ነው የሚሉት እስከ ዛሬ። ወገቡን ያመመውም ስፖርት ሲሠራ አይደለም፤ እንደዚያ ብሎ ነግሯት ነበር እንጂ። ስትሾም አንድ ነገር ብቻ ነው የተመኘው፣ ማለዳ ተኝቶ ማርፈድ። ጥፋት መሆኑን ያውቃል። ዳግም ቢቸገር ደግሞ የሚደውል ይመስለዋል።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

«ማን ጠየቀኝ?» አለ ታዴዎስ። «ዛሬስ ለሦስት ወር ስትፈርሚ ማን ጠየቀኝ?»

ሻሺቱ የታጠቡትን ሳህኖች ይዛ መሐላቸው ቆማ ቀረች። ወርቂቱ የድንጋይ በርን ሴቶች የጓዳ ጉድለት ታውቃለች፤ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ የማን ባል እንደሚጠጣ፣ የማን ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ። ይህን ያወቀችው በየበሩ ቆማ ጠይቃ ነው። ከተቀመጠችበት ተነሣች፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ሻሺቱ ውስጥ ሆና «ተቆጣ» ስትል ሰማቻት። ከዚያ ዞራ በሩን አንኳኳች።

«ቤቶች!»

ከቆይታ በኋላ ሻሺቱ፣ ማን ነው አለች።

«ወርቂቱ እባላለሁ። ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው። የዚህን ቤት ችግር ልጠይቅ ነበር።»

ሻሺቱ ነገሩ አልገባትም። ባለቤቱ ሥራ ላይ ነው፣ ነገ ይምጣ ብላ መለሰች። ወንበር ሲጎተት ተሰማ፣ እርምጃ ተሰማ፣ በሩ ተከፈተ። ታዴዎስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከላይ እስከ ታች አያት። አልሳቀም፤ የመሳቅ ሐሳብ እንዳለው ግን ከጉንጩ ያስታውቅ ነበር።

«ጊዜ አለሽ?» አላት።

«አለኝ።»

«ረጅም ነው።»

«ወንበር ካለ እቀመጣለሁ» አለች።

ገለል ብሎ አሳለፋት። ወርቂቱ ደብተሯን ከቦርሳዋ እየፈለገች ሳለ፣ ገና ሳትቀመጥ፣ ታዴዎስ «አንደኛ» ብሎ ጀመረ።